ልጅን መምታት ይጎዳል አይጎዳም? ጥናቶቹ ተቃረኑብኝ፣ እንዴት ልመዝናቸው?

የአምስት ዓመት ልጅ እናት፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቀልጣፋ ነው፣ እልኸኛም ነው። በር ተከፈተ ማለት ወደ አስፋልቱ መሮጥ ነው፣ አስፋልቱን ደግሞ ባጃጅ ሞልቶታል። እኔ እንዲመታ አልፈልግም። ባለቤቴ «በልክ መቅጣት ማንንም አልገደለም» ባይ ነው። አማቴ ደግሞ ከጓሮው ባሕር ዛፍ ቀጭን ልምጭ ቆርጠው ከበሩ በላይ ሰክተዋል። እስካሁን አልመቱትም። ግን ልጁ በገባ በወጣ ቁጥር ቀና ብሎ ያያታል፣ ያ ነገር ሆዴን ይበላዋል።

ጥናት ባነብ ይለይልኛል ብዬ ነበር። አንዱ መምታት ልጅን ጠበኛ ያደርጋል ይላል። ሌላው ቀላል ቅጣት መጉዳቱ አልተረጋገጠም ይላል። ሁለቱም ፕሮፌሰሮች ናቸው፣ ሁለቱም ቁጥር ይደረድራሉ። ማታ ማታ ባለቤቴ የሱን ወገን ያነብልኛል፣ እኔ የኔን አነብለታለሁ፣ ሳንግባባ እንተኛለን። የሚያውቅ ካለ ንገሩኝ፣ እንዲህ ሲጋጩ በምንድን ነው የሚመዘኑት?

ሳይኮሎጂ ያጠናሁ፣ ባሕር ዳር

እታለም፣ መጀመሪያ የሚጣሉት በምኑ ላይ እንደሆነ ለይ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ይጎዳል ከሚሉት ግንባር ቀደሟ አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ገርሾፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስባ ትልቅ ግምገማ ስታወጣ፣ መጽሔቱ የተቃዋሚዎቿን መልስ እዚያው እትም ላይ አብሮ አተመው። መልሱን የጻፉት ዳያና ባውምሪንድ፣ ሮበርት ላርዘሊርና ፊሊፕ ካዋን ናቸው። ያሉት በአጭሩ ይሄ ነው፦ ከባድ ድብደባንና ቀላል ምትን ቀላቅለሻል፤ ደግሞም የሚረብሽ ልጅ ብዙ ስለሚመታ፣ ምቱ ረባሽ አደረገው ወይስ ረባሽነቱ ምቱን አመጣበት የሚለው አልተለየም። ክሊኒክ የሚመላለስ ሰው ከማይመላለሰው ይልቅ በሽተኛ ነው፣ ክሊኒኩ አሳመመው ግን አይባልም።

የመጀመሪያው ትችት መልስ አግኝቷል ባይ ነኝ። ገርሾፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድሩ ግሮጋን ኬይለር ጋር ሆና በመዳፍ መምታትን ብቻ ለይታ አየች። 75 ጥናቶች፣ ከ160,000 በላይ ልጆች። ካዩዋቸው 17 ነገሮች በ13ቱ መመታት ከመጥፎ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኘ፣ ጠበኝነትና የአእምሮ ጤና ችግር ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ከጥሩ ውጤት ጋር የተያያዘ አንድም አልወጣም። ይቺን ያዢያት፣ «ይጠቅማል» ለሚለው ወገን ትከብደዋለች።

ሁለተኛው ትችት ግን ቀላል አይደለም። ልጆቹን ለዓመታት የተከታተሉና መጀመሪያ የነበራቸውን ጠባይ ከግምት ያስገቡ ጥናቶች ላይ ግንኙነቱ በጣም ይሳሳል። ክሪስቶፈር ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 እነሱን ሰብስቦ ሲያይ የቀረው እጅግ ትንሽ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ 1,116 ጥንድ መንትዮችን የያዘ ጥናት ደግሞ አለ። ያገኘውም ይሄ ነው፦ ተራ ቅጣትን በከፊል የልጁ ተፈጥሮ፣ ማለትም በዘር የወረሰው ጠባይ፣ ይስበዋል። ልጅን እስኪጎዳ መደብደብ ግን ከልጁ ተፈጥሮ ጋር አልተያያዘም፣ ምንጩ አዋቂው ነው። እኔ እዚህ መስክ ላይ ካነበብኩት ሁሉ ይሄን የሚያህል አላየሁም፣ ለሁለቱም ወገን የየድርሻውን ይሰጣል።

አሁን ባለቤትሽ ከሚያነብልሽ ወገን የሆነውን ላርዘሊርን እስከ ታች አብራችሁ አንብቡት። እሱ የሚከራከርለት ምት ከ2 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ፣ በመዳፍ፣ ወላጁ ሳይናደድ፣ ንግግርም ለብቻ ማስቀመጥም ተሞክሮ ሳይሰራ ሲቀር ብቻ ነው። በርበሬ ማጠን፣ ማንበርከክ፣ ልምጭ እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉባት ቦታ በጣም ጠባብ ናት፣ እኛ ቤት የሚደረገው አብዛኛው ነገር ከዚያ ውጭ ነው።

የልጆች አባት፣ ቢቸና

ወንድሜ ማብራሪያህ ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ግን ዘለልክ። የጠራኸው ሁሉ ፈረንጅ ነው። መምታት ባልተለመደበት አገር የሚመታ ልጅ ጎረቤቱ ሳይመታ እሱ ለብቻው ነው የሚመታው፣ ስለዚህ እንደተጠላ ይቆጥረዋል። እኛ ጋ ሁሉም ተቆንጥጦ ነው ያደገው። እስቲ ንገረኝ፣ በጎጃም ከየኔታ ኩርኩም ሳይቀምስ ዳዊት የደገመ ስንት አለ? አባቴ ቀጥቶኛል፣ እንደሚወደኝ ግን አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ልጅ ሳይቀጣ ሲቀር የሚሆነውንም እያየን ነው። የሌላ አገር ቁጥር አምጥቶ የኛን አባቶች መውቀስ አይገባም ነው የምለው።

የመምህራን ኮሌጅ አስተማሪ፣ ጎጃም

ጋሼ፣ ያነሱት ጥያቄ ትክክለኛ ነው፣ ተመራማሪዎቹም ጠይቀውታል። ጄኒፈር ላንስፎርድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 በቻይና፣ በሕንድ፣ በጣሊያን፣ በኬንያ፣ በፊሊፒንስና በታይላንድ እናቶችንና ልጆችን አጥንተዋል። እርስዎ እንዳሉት፣ መቅጣት የተለመደ በሆነበት አገር ጉዳቱ ቀለል ብሎ ታይቷል። አልጠፋም ግን። እዚያም ቢሆን ብዙ የሚመቱት ልጆች የበለጠ ጠበኛና የበለጠ ጭንቀታም ነበሩ። ግማሽ መንገድ እርስዎ ልክ ነዎት፣ ግማሹ ላይ ግን አልስማማም።

የኛን አገር ልጆች ያየም አለ። ያንግ ላይቭስ የሚባለው የኦክስፎርድ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ተከታትሏል፣ አማራ ክልልም አለበት። የስምንት ዓመት ልጆች ሲጠየቁ፣ ከኛ አገሮቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪ ሲመታ አይተናል ብለዋል። ይሄ ስለ ትምህርት ቤት እንጂ ስለ ቤት አይደለም፣ መቀላቀል የለበትም። የምመክርበትም ለዚሁ ነው፦ ጥናት ስታነቡ ማን መታ፣ በምን መታ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ የተገኘ ነገር ለአምስት ዓመቱ አይሆንም።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ሕጉ ራሱ ለይቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ወላጅ ግን ልጁን በአግባቡ ለማሳደግ የሚወስደው ሕግን የማይጻረር የሥነ ሥርዓት እርምጃ አያስቀጣም ይላል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576። እንደ መምህር የምጨነቀው ለዚህኛው ነው። እንዲህ ያለው እርምጃ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ቤት ውስጥ የሚወስነው ያ የተናደደ ወላጅ ራሱ ነውና።

የአምስት ዓመት ልጅ እናት፣ ደብረ ማርቆስ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ የላርዘሊርን ቅድመ ሁኔታዎች ለባለቤቴ አነበብኩለት። «ሳይናደድ» የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመኝና «ሳልናደድማ ለምን እመታዋለሁ?» አለ። ከዚያ ብዙ ተነጋገርን። አሁን የቀረኝ አስፋልቱ ነው። ባጃጅ እኮ ጥናት አይጠብቅም።

የልጆች አባት፣ ቢቸና

የትምህርት ቤቱን እቀበላለሁ፣ የራሴም ልጅ በመምህር እንዲመታ አልሻም። ስለ ቤቱ ግን አልተለወጥኩም። አትምቱ ማለት ቀላል ነው፣ በምትኩ ምን ይደረግ?

የኬጂ መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም

ጋሼ፣ የርስዎን ጥያቄ ልመልስ፣ ለእህታችንም ይሆናል። ወላጆችን የሚያሰለጥኑ ፕሮግራሞች አሉ፣ በሙከራም ተፈትነዋል፤ የሰለጠኑትንና ያልሰለጠኑትን በዕጣ ለይተው አወዳድረዋቸዋል። የሰለጠኑት ቤት ቁጣና ምት ቀነሰ፣ የልጆቹም ረብሻ ቀነሰ። ስልጠናው ብዙ ነገር አንድ ላይ ስለሚያስተምር ለውጡ የመጣው ምቱ ስለቀነሰ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ግን ሳይመቱ ልጅን ማረም እንደሚቻል ያሳያል፣ የሚያከራክረንም እሱ ነው።

የሚያስተምሩት ከባድ ነገር አይደለም። በየቀኑ ትንሽ ጊዜ ልጁ በመረጠው ጨዋታ አብሮት መጫወት። ጥሩ ሲያደርግ ምን እንዳደረገ ጠርቶ ማመስገን፣ «ጎበዝ» ብቻ ብሎ አለማለፍ። ትእዛዝን አጭር ማድረግ። እምቢ ሲል ለጥቂት ደቂቃ ለብቻው ማስቀመጥ፣ ሲጨርስ ቂም ሳይዙ መመለስ። ያሉትን ቅጣት በተናገሩት ልክ መፈጸም፣ ዛሬ ተቆጥቶ ነገ አለመተው።

የአስፋልቱን ነገር ደግሞ ለአምስት ዓመት ልጅ ትዝታ አትተዪው። መወርወሪያውን እሱ ከማይደርስበት ከፍ አድርጊ። ከመውጣታችሁ በፊት፣ በሩ ገና ሳይከፈት፣ ጎንበስ ብለሽ ዓይኑን እያየሽ «እጄን ትይዛለህ» በዪውና ራሱ መልሶ እንዲነግርሽ አድርጊ። እጁን ከለቀቀ ወዲያው ወደ ቤት ተመለሱ፣ ገበያውም ይቅር። እኔ ክፍል ውስጥ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ከቁጣ ይልቅ የሚቆጫቸው መመለሱ ነው። ለአማትሽም ባለቤትሽ ይንገራቸው፣ ከአንቺ አፍ ባይወጣ ይሻላል።