የደብረ ብርሃን ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ፦ ታፔላ ጸሐፊውም የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊውም ይግቡ ወይስ አይግቡ?

ፍሬም ሠሪዋ (ጠባሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ፍሬም እሠራለሁ፤ ስለዚህ በከተማው ማን ማን እንደሚሥል አውቃለሁ። ሥራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ እኔ ዘንድ የማይመጣ የለም። በአቡጀዴ የሣለም በኮምፔንሳቶ የሣለም ይመጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ደግሞ በወጉ የተወጠረ ሸራ ይዘው ይመጣሉ። የሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ፤ የመንዝ በግ እንጂ ሌላ አይሥሉም። ጸጉሩን በቀጭን ብሩሽ ደራርበው ሲሠሩት እጅ ዘርግቶ መዳሰስ ያሰኛል። ፍሬም ያሠሩና ወደ ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ ከቤተሰባቸውና ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም። ይኼ ነገር ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ጥቂት ሆነን ተሰባሰብንና የአካባቢያችንን ሠዓሊዎች ሥራ ለሕዝብ ልናሳይ ቆርጠናል። የዕድራችን ሰዎች አዳራሹን ፈቅደውልናል። ያሰብነው ከጥር 7 እስከ 12 ነው፤ ለሥላሴ ንግሥ ከየገጠሩ ሰው ይመጣል፣ ጥምቀትም ስለሚከተል ሌላ ከተማ ያሉ ልጆቻችን ይገባሉ።

ያልተስማማነው ማን ይግባ በሚለው ላይ ነው። ከኮሚቴው ግማሹ «በሥነ ጥበብ የተመረቀ ብቻ» ይላል። ታፔላ ጸሐፊ አይገባም፣ ሥዕለ ቅዱሳን የሚሥለውም ሌላ ቦታ ይፈልግ ይላሉ። ለእኔ ይኼ አይዋጥልኝም። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ሲወለዱ በአገሩ ጋለሪ አልነበረም፤ ልጅ ቀና ብሎ ሥዕል የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ያንን ሥዕል የሚሠራውን ሰው አስወጥተን የማንን ሥራ ነው የአካባቢው ሥዕል ብለን የምናሳየው? ታፔላ ጸሐፊዎቹም እንዲሁ። የፀጉር ቤቱን ጎፈሬ፣ የሥጋ ቤቱን ሰንጋ፣ የጠጅ ቤቱን ብርሌ የሣሉልን እነሱ ናቸው። የሚታተም ባነር ከመጣ ወዲህ ገበያቸው ቀዝቅዟል፤ እጃቸው ግን አለ። ያለ ማስመሪያ ፊደሉን ከዳር እስከ ዳር እኩል አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሠዓሊ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

የምጠይቃችሁ፦ ዳኛ ሳናስቀምጥ፣ አዳራሹም ሳይጨናነቅ እንዴት እናስተናግዳቸው? ሥዕለ ቅዱሳኑ ከሌላው ጋር ሲሰቀል ምን ልንጠነቀቅ ይገባል? ግድግዳው ደግሞ በጭቃ ተመርጎ በኖራ የተቀባ ስለሆነ ሚስማር አይዝም። ከዚህ በፊት ያዘጋጀ ሰው ካለ ይምከረን።

የመንዙ ሠዓሊ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ሥዕለ ቅዱሳን እሥላለሁ፤ የተማርኩትም ከአባቴ ነው። ሲጠሩን ደስ ይለናል፣ አስቀድማችሁ መጠየቃችሁም ትልቅ ነገር ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ወርዶ የሚመጣ ሥዕል አይኑር። ተባርኮ ለጸሎት የዋለ ሥዕል ቦታው እዚያው ነው። እኛ የምናመጣው ገና ያልተባረከውን፣ በቤታችን ያለውን ነው። በምሥራቁ ግድግዳ ይሁንልን፤ ከበር በላይ አይሰቀል፣ ከሥሩ ቡናና ዳቦ አይቅረብ። የዋጋ ወረቀትም አትለጥፉበት። የፈለገ ሰው ሠዓሊውን ያነጋግር፤ እኛ ለሥዕሉ ዋጋ አንቆርጥም፣ የምንቀበለው የድካማችንን ነው። ከዚህ በተረፈ አጠገቡ የበግ ሥዕል ቢኖር የሚያስቀይመው አባት ይኖራል ብዬ አላምንም። ቢሆንም ለደብሩ አስተዳዳሪ በአካል ሄዳችሁ ንገሩ። ደብዳቤ አይበቃም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ያላለቀ ሥራ ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ። ሰው የሚያየው ያለቀውን ብቻ ስለሆነ ድካሙን አያውቀውም። ጨርቁ ሙጫ ጠጥቶ ነጭ ሲቀባ፣ ከዚያ በከሰል ሲነደፍ፣ ቀለሙ እየገባ ሲሄድ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁሩ መስመር ሲዞርበት፤ በአራት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ደረጃ በደረጃ አሳያለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለው ብዙው ሥዕል በጨርቅ ተሥሎ በኋላ የተለጠፈ መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ለልጆቹም ጻድቁ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡ በአንድ ጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሣል አስረዳቸዋለሁ። ይህን ካወቁ በኋላ በየደብሩ ሥዕሉን እያነበቡ ነው የሚሄዱት።

አንኮበሬው

እኔ ከኮሚቴው ግማሽ ጋር ነኝ፤ በቅንነት እንድትሰሙኝ እጠይቃለሁ። በሥነ ጥበብ ተመርቄያለሁ፣ ከአንኮበር ነኝ። አፈወርቅ ተክሌን ካነሣሽ አይቀር፣ እሳቸው በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን ዐውደ ርእያቸውን ካሳዩ በኋላም አላረፉም፤ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የባለ ቀለም መስታወት ሥራ አጠኑ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር መስታወት የመጣው ከዚያ ትምህርት ነው። ያለ ምርጫ ሁሉ ከገባ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ገዢ አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ይመለሳል፤ የሚጎዱት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የለፉት ናቸው። ቢያንስ ሦስት ሰው ተቀምጦ ይምረጥ።

መምህሯ ከደብረ ሲና

ምርጫውን ለግድግዳው ተዉት። በትምህርት ቤታችን ስናዘጋጅ የሠራልን ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሠዓሊ አንድ ሜትር ተኩል ግድግዳ ስጡ፤ ምን እንደሚሰቅልበት ራሱ ይወስን። ትልቅ ሸራ ያለው አንዱን ያመጣል፣ ትንንሽ ያለው ሦስት ይደረድራል። አዳራሹ 12 በ7 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 38 ነው። በርና መስኮት ሲቀነስ 30 ቢተርፍ 20 ሰው ያስተናግዳል። ከዚያ በላይ ከመጣ መሐል ላይ ከአጠና ማቆሚያ ሠርታችሁ፣ አቡጀዴ ወጥራችሁ በሁለቱም ፊት ስቀሉበት። ሰው ከራሱ ሥራ የተሻለውን እንዲመርጥ ቦታ ማጣቱ ራሱ ያስገድደዋል፤ ወንድሜ አንኮበሬው የሚፈልገው ጥራትም በዚህ ይመጣል ብዬ ነው።

ግድግዳውን በሚስማር አትንኩት። ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ቀጭን ሽቦ ወይም ጠንካራ ሲባጎ አውርዱ፣ ፍሬሙን በሁለት ነጥብ እሠሩት፤ በአንድ ነጥብ የታሠረ ነፋስ በገባ ቁጥር ይዞራል። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 1.50 ሜትር ላይ ይዋል። መስታወት ያለው ሥራ ከመስኮት ፊት ለፊት አይሰቀል፤ ሰው የሚያየው የራሱን ፊት ይሆናል።

ብርዱን ደግሞ አደራ። እናንተ ከ2,800 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ነው። አክሪሊክ፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም፣ ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሲቀባ በደንብ አይያያዝም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል ወይም ዱቄት ይሆናል። በሸራ የሚሠሩት የዘይት ቀለም በብርድ በጣም ይዘገያል፤ ወፍራሙ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ለዐውደ ርእዩ ብሎ በታኅሣሥ መጨረሻ አዲስ የሚጀምር እንዳይኖር አሁኑኑ ንገሯቸው። ያለ ሥራቸውን ያምጡ።

ታፔላ ጸሐፊዎቹ ግን ውጭ፣ በሩ ላይ ሆነው ሕዝብ እያያቸው ቢጽፉ አይሻልም? ሰው ይሰበስባሉ።

ፍሬም ሠሪዋ (ጠባሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመንዙ ወንድሜ፣ አራቱን ቁራጭ ጨርቅ በነፃ እኔ ፍሬም አደርግልሃለሁ። ለአስተዳዳሪውም ከዕድሩ ሊቀ መንበር ጋር ሆነን በአካል እንነግራለን።

መምህር፣ የግድግዳውን ሐሳብ ሳነበው ከላዬ ሸክም ነው የወረደልኝ። አዳራሹን ዛሬውኑ እለካለሁ። በታፔላ ጸሐፊዎቹ ላይ ግን አልስማማም። ውጭ እንዲጽፉ ከወደዱ ይጻፉ፣ የዐውደ ርእዩን ታፔላም በባነር ፈንታ እነሱ እንዲጽፉት ከፍለን እናሠራለን። ውስጥ ያለው አንድ ሜትር ተኩል ግን እንደማንም ሰው ይሰጣቸዋል። በር ላይ ቆመው ሌላውን የሚያስገቡ ብቻ እንዲሆኑ አልፈልግም።

አንኮበሬው ወንድሜ፣ የገዢው ነገር እውነት ነው፤ የለፉት ልጆች መሸጥ አለባቸው። ስለዚህ ሥራ የሚመርጥ ዳኛ ሳይሆን አሰቃቀሉን የሚያይ ሰው ያስፈልገናል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ ገብቶ የቆመ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ። የጥበቃው አባት በግ ካንተ ሸራ ጎን ቢውል ሁለቱም የሚያምሩበትን ቦታ የምታገኘው አንተ ነህ። ጥር 5 እና 6 መጥተህ ብትሰቅልልን ማደሪያህና ምግብህ በእኛ ነው። የራስህንም ሥራ ይዘህ ና።

አንኮበሬው

እመጣለሁ። ምርጫ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳቤ ግን እንዳለ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት እንነጋገርበታለን። የጥበቃውን አባት በግ በፎቶ ላኪልኝና ስፋቱን ንገሪኝ፤ ከየት እንደምጀምር ላስብበት። ከገጠር በመኪና ለምታመጡ ደግሞ፦ ሁለት ሸራ ፊት ለፊት አታጋጥሙ። ያልደረቀ ቀለም ካለበት ይጣበቃል። ጀርባና ጀርባ አድርጋችሁ፣ በየማዕዘኑ የካርቶን ቁራጭ አስገብታችሁ እሠሩት። ላስቲክም በቀጥታ በቀለሙ ላይ አይጠቅለል፤ መጀመሪያ ንጹሕ አቡጀዴ ይልበስ።