ኳንታይዝ (ኖታዎችን ወደ ምት መስመሮች ማስጠጋት) ሳደርገው ፒያኖው ለዛውን ያጣል፣ ሳላደርገው ይዘገያል። ምን ይሻላል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኤብልተን ላይቭ በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ነው፣ ቴምፖው በደቂቃ 90 ቢት (ምት)። በሚዲ ኪቦርድ (ድምፅ ሳይሆን የተነኩትን ኖታዎች ወደ ኮምፒውተር በሚልከው) ፒያኖ ቀርጬ ነበር። ስጫወተው ደህና ነው፤ መልሼ ስሰማው ግን ከክሊኩ (ምት ከሚቆጥረው ድምፅ) ኋላ ኋላ ይላል። በ1/16 (አንዱ ቢት ለአራት ሲከፈል) ኳንታይዝ ሳደርገው ደግሞ ባሰበት። ኮርዶቹ አንዴ ዱብ ዱብ ይላሉ፣ ለዛ የላቸውም። አንዳንዱ ኖታ ጭራሽ ቦታውን ለቋል። መሃል ላይ ሦስት ሦስት እየሆነች የምትሮጥ ሐረግ አለች፤ እሷማ ሌላ ዜማ ሆናለች። እያንዳንዱን ኖታ በማውዝ ከመጎተት ሌላ መላ አለ?

ድምፅ ሰሪ፦
አለ። መጀመሪያ ግን ኳንታይዙን መልሺው፤ ዋናውን ሳናይ መፍረድ አይቻልም። ከዚያ ፒያኖ ሮሉን (ኖታዎቹ በጊዜ መስመር ላይ የሚታዩበትን ቦታ) አጉልተሽ እዪው። ኖታዎቹ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ከሆነ የአጨዋወት ጉዳይ ነው። ሁሉም ከመስመራቸው በተመሳሳይ መጠን ወደ ቀኝ ከሆኑ ግን ጣትሽ ምንም አላጠፋም፤ ሌተንሲ (የመሣሪያው መዘግየት) ነው። በፈርሽ (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው የድምፅ ሳምፕል ብዛት) ስንት ላይ ነው? 1024 ላይ ከሆነ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ሲሠራ 23 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ 128 ላይ ወደ 3 ይወርዳል። ደግሞስ የምትሰሚው በብሉቱዝ ማዳመጫ ነው እንዴ?

ጀማሪዋ፦
በፈሩ 256 ነው። ማዳመጫው አዎ፣ ብሉቱዝ ነው። አሁን ሳየው ሁሉም ወደ ቀኝ ናቸው፣ ከሞላ ጎደል እኩል።

ድምፅ ሰሪ፦
በቃ ተገኘ። ብሉቱዝ ሙዚቃ ለመስማት እንጂ ለመቅረፅ አይሆንም፤ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ባለ ገመድ ያዢ።

ኖታዎችሽ ለምን ቦታ እንደለቀቁም ከዚህ ይገባሻል። በ90 ቴምፖ ከአንዱ 1/16 እስከሚቀጥለው 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ኳንታይዝ ኖታውን የሚወስደው ወደሚቀርበው መስመር ነው፤ አንቺ ምን አስበሽ እንደተጫወትሽ አያውቅም። ስለዚህ ከ83 በላይ የዘገየው ሁሉ የራሱን መስመር ትቶ ቀጣዩ ላይ ያርፋል።

የተቀረፀውን አትጣዪው። ሁሉንም ኖታ ምረጪ፣ በኮንትሮልና 4 ግሪዱ (የምት መስመሮቹ) እንዳይዝሽ አድርጊ፣ ከዚያ ጠቅላላውን ወደ ግራ ሳቢው። የመጀመሪያው ኮርድ መስመሩ ላይ ሲደርስ አቁሚ። ስለ ኳንታይዝ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

ባስ ብቻ፦
የሦስት ሦስቷ ሐረግ ነገር ግን የብሉቱዝ አይደለም። ትሪፕሌት ናት፣ አንድ ቢት ለሦስት እኩል ሲከፈል። በ1/16 ግሪድ ላይ ማረፊያ የላትም።

እስቲ በቁጥር እንየው። በ90 አንድ ቢት 667 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሦስቱ ኖታዎች በ0፣ በ222 እና በ444 መውደቅ አለባቸው። የ1/16 መስመሮቹ ያሉት ግን በ0፣ በ167፣ በ333 እና በ500 ነው። ሁለተኛዋ ወደ 167 ትጎተታለች፣ ሦስተኛዋ ወደ 500 ትገፋለች። እኩል የነበሩት ሦስት ኖታዎች አጭር፣ ረጅም፣ አጭር ሆኑ ማለት ነው። ሌላ ዜማ መሰለኝ ማለትሽ እውነት ነው!

እነዚያን ብቻ ለይተሽ ምረጪና በ1/8 ትሪፕሌት ኳንታይዝ አድርጊ። የቀረውን በ1/16። ሙሉ ክሊፕ (የተቀረፀውን ሁሉ) መርጦ አንድ ግሪድ መጫን ለከበሮ እንጂ ለፒያኖ ብዙም አያዋጣም።

ከበሮ ወዳድ፦
ለከበሮም አያዋጣ 😄 ሃይ ሃቱን (የከበሮውን ጥንድ ሳህን) መቶ በመቶ ስታስተካክለው ስዊንጉ (የምቱ ውዝዋዜ) ድራሹ ይጠፋል።

እህቴ፣ ለዛውን የገደለው መቶ በመቶው ነው። ኳንታይዝ ሴቲንግ ውስጥ አማውንት (የማስተካከያው መጠን በመቶኛ) የሚል አለ። 50 ካደረግሽው በ40 ሚሊ ሰከንድ የዘገየ ኖታ ወደ 20 ይጠጋል፤ መስመሩ ላይ አይለጠፍም። የኮርዱ ጣቶችም በመካከላቸው ያለችውን ትንሽ ልዩነት አያጡም፣ ትጠብባለች እንጂ። እኔ ፒያኖ ከ50 እስከ 60 አደርጋለሁ። አራት ባር ብቻ ከሆነ ግን ሁሉንም ትቼ ደግሜ እጫወተዋለሁ። በማውዝ ከመታገል ይፈጥናል።

ባለ ኤፍኤል፦
ጣልቃ ልግባና፣ እኔ የምሠራበት ፕሮግራም ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይስ ይሄ አማውንት የት ነው?

ባስ ብቻ፦
ፒያኖ ሮሉ ውስጥ ኦልትና ኪው ተጫን፣ ጥንካሬውን የምታስተካክልበት ይመጣል። ኮንትሮልና ኪው ፈጣኑ ነው፣ ምንም ሳይጠይቅ ያስተካክላል። ሎጂክ የሚባለው ፕሮግራም ላይ የተመቸው ነገር ኳንታይዙ ሪጅኑ (የተቀረፀው ቁራጭ) ላይ እንደ ሴቲንግ መቀመጡ ነው፤ ስታጠፋው የተጫወትከው እንዳለ ይመለሳል።

ጀማሪዋ፦
ወደ ግራ ሳብኩት፣ ትሪፕሌቶቹን ለየሁ፣ የቀረውን 55 አደረግኩ። ሐረጓ ተመለሰች! ግን አዲስ ነገር መጣ፤ ኮርድ ሲቀየር የበፊቱ ድምፅ አዲሱ ላይ ይደረባል። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም።

ድምፅ ሰሪ፦
በሰስቴይን ፔዳል (ድምፁን በሚያስረዝመው) ነው የተጫወትሽው አይደል? ኖታዎቹን ሳብሻቸው፣ ፔዳሉ ግን በነበረበት ቀረ። ስለዚህ አዲሱ ኮርድ ከተመታ በኋላ ነው የሚነሳው። ፔዳሉ ለብቻው የተቀረፀ የሚዲ ኮንትሮል ነው፣ ቁጥሩ 64። ክሊፑ ውስጥ ኤንቨሎፑን (የፔዳሉ ነጥቦች የሚታዩበትን መስመር) ክፈቺና 64 ሰስቴይንን ምረጪ፤ ነጥቦቹን ኖታዎቹን በሳብሽበት መጠን ወደ ግራ ውሰጃቸው። ከዚያ ኮርድ የሚቀየርበትን ቦታ እያየሽ፣ የፔዳሉ መነሻ ከአዲሱ ኮርድ ጋር ወይም ከሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሁን።