ክርክር፦ ማይክሮባዮሎጂ ለሚማር ልጅ ሂሳብ ይቅርለት? ካልቀረስ ማን ያስተምረው?

ሰብሳቢ
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት ስለ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ኮርሶች የተነሳው ነገር ስላልበረደ ለብቻው አውጥተነዋል። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ በ2012 ዓ.ም የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ተፈጥሮ ሳይንስ የገባ ተማሪ አንድ የጋራ የሂሳብ ኮርስ እንዲወስድ ተደረገ። ሎጂክና ስብስብ (set)፣ ሪያልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ አለበት። ባዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ (የባክቴሪያና የመሳሰሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ጥናት) ለሚያጠኑ ይቅርላቸው የሚሉ አሉ። ይቆይ ግን ባዮሎጂ ክፍል ራሱ ያስተምረው የሚሉም አሉ። ሐዋሳ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ምሳሌ ስትሰጡ ከዚሁ ከተማችን ስጡ። ስድብ አይፈቀድም፣ የሚከራከር ሰው በቁጥር ያሳየን።

የአቶቴ ልጅ (ማይክሮባዮሎጂ፣ 3ኛ ዓመት)
እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ከብዶኝ እንዳይመስላችሁ፣ ኮርሱን ወስጄ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ግን ያን ሁሉ የአናሊቲክ ጂኦሜትሪ ኩርባ፣ ኤሊፕስና ሃይፐርቦላ ስስል ከርሜ ላብራቶሪ (ላብ) ስገባ አንዱም አልመጣም። የሎጂኩን ትሩዝ ቴብልም (የእውነትና የሐሰት ሠንጠረዥ) እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም። ብዙ ጓደኞቼ በዚህ ኮርስ ነጥባቸው ወርዶ የፈለጉትን ዲፓርትመንት አጥተዋል። ሜዲካል ላብራቶሪ መማር የሚፈልግ ልጅ በሃይፐርቦላ ምክንያት የማይወደው ቦታ ሲመደብ ማን ተጠቀመ? እሱ ክሬዲት ለላብ ይሰጠን። ፒፔት (ፈሳሽ መለኪያ ቱቦ) በደንብ መያዝ ሳንለምድ ወደ ምርቃት እየሄድን ያለን ብዙ ነን፣ ይሄ ያሳስበኛል።

ነጭ ጋውን (የውሃ ምርመራ ላብራቶሪ)
እህቴ፣ ስለ ላቡ ያልሽው ልክ ነው፣ እኔም እጮህለታለሁ። ስለ ሂሳቡ ግን አልስማማም። እኛ ጋ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ባክቴሪያውን በመለየት ብዙም አይሳሳቱም። የሚሳሳቱት ቁጥሩ ላይ ነው። አንድ ብቻ ላሳይሽ። ናሙና ስናቀጥን 1 ሚሊ ሊትር ናሙና 9 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ላይ እንጨምራለን፣ ጠቅላላው 10 ስለሚሆን አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ "አንድ ለአሥር" ሲባሉ 10 ሚሊ ሊትር ሞልተው 1 ይጨምሩበታል። እሱ አንድ አሥራ አንደኛ ነው። አንዴ ከሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስድስቴ ሲደጋገም ግን አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቀጠነ ያልሽው ናሙና በእውነቱ 1,771,561 ጊዜ ቀጥኗል። ሪፖርት ያደረግሽው የባክቴሪያ ቁጥር ከትክክለኛው ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ይሄ ቁጥር ደግሞ ወረቀት ላይ አይቀርም። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝም በጎርፍም የሚገባው ቆሻሻ ታጥቦ የሚሄድበት የለም። ሰው ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዶ ዓሣ በጥሬው ይበላል። የመጠጥ ውሃ ላይማ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጥብቅ ነው፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ መገኘት የለበትም። ቁጥሩን ግማሽ አድርጎ የሚያሳይ ባለሙያ ሲኖረን ሰው ይታመምብናል።

የአቶቴ ልጅ
ወንድሜ አከብርሃለሁ፣ ግን የነገርከኝ ማባዛትና ማካፈል ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለቀ ነገር። ለሱ የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ምን ያደርጋል?

የፒያሳው መምህር (ሂሳብ፣ 9ኛ ክፍል)
ቢያልቅማ እሰየው ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ 0.35 ከ0.5 ይበልጣል የሚሉ ልጆች አሉ፣ ምክንያታቸውም 35 ከ5 ስለሚበልጥ ነው። ሰነፎች አይደሉም። ሙሉ ቁጥር ላይ የለመዱትን ደንብ ይዘው መጥተው ማንም አላረመላቸውም። እነዚህ ልጆች እያደጉ 12ኛ ይደርሳሉ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መሠረቱ እንዲህ ሆኖ ሳለ ዩኒቨርሲቲ ሂሳቡን ያንሳ ማለት ቀዳዳውን መሸፈን ነው።

ደግሞ ማባዛትና ማካፈል ብቻ አይደለም። ኢ. ኮላይ ሙቀቱና ምግቡ ሲመቸው በ20 ደቂቃ አካባቢ እጥፍ ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 100 ነበሩ እንበል። 8 ሰዓት ላይስ? ስድስት ሰዓት ማለት 18 ጊዜ መታጠፍ ነው፣ 26,214,400 ይደርሳሉ። ልጆች ሳስገምታቸው 100ን በ18 አባዝተው 1,800 ይሉኛል። ማባዛቱን ችለውታል። ያልገባቸው ኤክስፖኔንሻል ፈንክሽን እንዴት እንደሚያድግ ነው፣ እሱ ደግሞ አንቺ ይቅር ያልሽው ኮርስ ውስጥ አለ።

የሞኖፖል ሰው (ባዮሎጂ አስተማሪ)
እኔ ሦስተኛ ሐሳብ አለኝ። ሂሳቡ ይቆይ፣ ግን ከሂሳብ ክፍል እጅ ወጥቶ እኛ እናስተምረው። ተማሪዎቼ የሎጋሪዝም ሕጎችን በቃላቸው ያውቃሉ፣ ሎግ ሀ ሲደመር ሎግ ለ እያሉ ይወርዱታል። የባክቴሪያ የእድገት ግራፍ ሳሳያቸው ግን መሃል ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር አይተው "እዚህ ጋ በየሰዓቱ እኩል ቁጥር እየተጨመረ ነው" ይላሉ። ቋሚው ዘንግ ሎግ መሆኑን፣ አንድ እርምጃ አሥር እጥፍ ማለት መሆኑን ልብ አይሉትም። ቀጥ ያለው መስመር እኮ በእኩል ጊዜ እየታጠፈ ነው ማለት ነው!

አማካኝ ላይም እንደዚያው። ከሁለት ናሙና አንዱ 1,000 ሌላው 1,000,000 ቢሰጥ ደምረው ለሁለት አካፍለው 500,500 ይሉኛል። ትንሹ ናሙና ጨርሶ ጠፋ ማለት ነው። በውሃ ምርመራ ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው የሎጎቹን አማካኝ ነው። የ1,000 ሎግ 3፣ የ1,000,000 ሎግ 6፣ አማካኛቸው 4.5፣ ወደ ቁጥር ሲመለስ 31,623 አካባቢ። ከ500,500 ጋር አስተያዩት። ይሄን የሚያስተምር ሰው ፔትሪ ዲሽ (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ሳህን) ነክቶ የሚያውቅ መሆን አለበት። የሂሳብ መምህሩ ኮሎኒ (ዲሹ ላይ የሚታየውን የባክቴሪያ ክምር) ቆጥሮ አያውቅም።

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ በሂሳብ አስተማሪነት ስላረጀሁ ልናገር። የሞኖፖሉ መምህር ያነሱት የግራፍ ምሳሌ ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ያስፈራኛል። ባዮሎጂ ክፍል ሂሳብ ሲያስተምር ቶሎ ወደ ቀመር ብቻ ይወርዳል። ባክቴሪያው ስንት ጊዜ እንደታጠፈ ለማወቅ ከመጨረሻው ሎግ የመጀመሪያውን ሎግ ቀንሰህ ለ0.301 አካፍል ይባላል። አንድ ጊዜ ተመራቂዎችን 0.301 ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅ "ኮንስታንት ነው" አሉኝ። የ2 ሎጋሪዝም መሆኑን የነገራቸው የለም። እንግዲህ ባክቴሪያው በአንድ ሰዓት ሦስት እጥፍ ቢሆንና በየሦስት እጥፉ ቁጠሩ ቢባሉ ምን ሊያደርጉ ነው? ያንኑ 0.301 ይዘው ይቆማሉ። አንድን ነገር ከሥሩ ያወቀ ልጅ ቀመሩ ቢጠፋበት ራሱ ያወጣዋል።

ስለ ሎጂኩም የተናገርሽው፣ ልጄ፣ እንደገና ብታስቢበት። "መድኃኒቱ ከሠራ ባክቴሪያው ይሞታል" ተብሎ ባክቴሪያው ሲሞት "እንግዲያው የሠራው መድኃኒቱ ነው" የሚል ሰው ስንት ነው? ሙቀቱም ገድሎት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ያልነካው ማነጻጸሪያ ዲሽ ለምን እንደምታስቀምጪ ትሩዝ ቴብሉ ነው የሚነግርሽ።

የአቶቴ ልጅ
ጋሼ፣ የሎጂኩን ነገር ተቀብያለሁ፣ እንደዚህ ብሎ ያስተማረኝ ሰው ግን አልነበረም። ሃንዳውቱ ላይ ያሉት ምሳሌዎች ስለ ባክቴሪያ አንድም አልነበራቸውም። ኤሊፕሱንስ? እሱን እርስዎም አልመለሱልኝም።

ከአዳማ
አንድ ነገር ልጨምር። ሱቅ ውስጥ "99.9 ከመቶ ጀርም ይገድላል" የሚል ፈሳሽ ስታዩ አሥር ሚሊዮን ካለበት ቦታ አሥር ሺህ ይቀራል ማለት ነው። 99.99 ከሆነ አንድ ሺህ። ለሆስፒታል ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ለብዙ ሰው ግን ሁለቱም "መቶ ከመቶ" ይመስላሉ። ሂሳብ ለባዮሎጂ ሰው ይቅር የሚለውን በፍጹም አልደግፍም።

ሰልጣኝ መምህር (ሂሳብ)
ሁላችሁም ስለ ማይክሮ ተማሪው አወራችሁ፣ እኔ ስለ አስተማሪው ላውራ፣ ምክንያቱም ነገሩ እኛ ጋ ነው የተቋጠረው። የተማርኩበትን መንገድ ታውቁታላችሁ፦ መጀመሪያ ሦስት ዓመት ንጹህ ሂሳብ፣ ሪያል አናሊሲስ፣ አብስትራክት አልጀብራ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ከዚያ ተመርቀን በፒጂዲቲ (የድህረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ) አንድ ዓመት ስለ ማስተማር። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። አናሊሲስ ያስተማረኝ መምህር ልጆች የት ጋ እንደሚሳሳቱ አልነገረኝም። የማስተማር ዘዴ ያስተማሩኝ ደግሞ ስለ ሌሰን ፕላንና ስለ ቡድን ውይይት ነገሩኝ እንጂ ሎጋሪዝምን ለ11ኛ ክፍል ልጅ በምን በር እንደማስገባው አልነገሩኝም። አሜሪካዊው ሊ ሹልማን በ1986 የጻፈው ይሄንኑ ነው፤ መምህር ትምህርቱን ማወቁና ማስተማርን ማወቁ አይበቃም፣ ያንን ትምህርት ለማስተማር የሚሆን የራሱ የሆነ እውቀት አለ፣ የትኛው ምሳሌ እንደሚያስረዳ፣ የትኛው ስህተት ከየት እንደሚመጣ። እኛ ሦስተኛውን ነው ያጣነው።

ስለዚህ ለሞኖፖሉ መምህር የምለው፣ ኮርሱን ከእኛ አይውሰዱብን፣ ይልቅ ወደ ላብዎ ያስገቡን። የሂሳብ መምህርነት ሰልጣኝ ልምምዱን ትምህርት ቤት ብቻ ለምን ይሠራል? አንድ ሴሚስተር ማይክሮባዮሎጂ ላብ ውስጥ ተቀምጦ ልጆቹ ሲያቀጥኑ፣ ሲቆጥሩ፣ ግራፍ ሲያወጡ ይይ። ስህተታቸውን ይመዝግብ። አንድ ለአሥርና አንድ ለአሥራ አንድ የሚምታታው ለምን እንደሆነ ያጥና። ከዚያ ተመልሶ የፍሬሽማኑን ኮርስ ሲያስተምር ምሳሌው ሁሉ ይለወጣል። ከዚያም 9ኛ ክፍል ሲመደብ የ0.35ን ነገር ለይቶ ያውቀዋል፣ ሁለቱም ስህተት ክፍልፋይን ከሙሉው ጋር አያይዞ ካለማየት ነው የሚመጡት።

የሞኖፖል ሰው
ሐሳቡ ልቤን ነክቶታል። ግን አንድ ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ ማሳደጊያ የሙቀት ሣጥን) ለስንት ልጅ እንደምናካፍል ቢታይ! ያሉትን ተማሪዎች ማስገባት አቅቶን ተጨማሪ ሰልጣኝ ከየት አምጥተን እናስቀምጣለን? ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። ተማሪው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ይሄ መውጫ ላይ ይመጣል?" ነው። በምርጫ የሚመለስ ፈተና ሲሆን ላብ ውስጥ ቆሞ ስህተትን ማጥናት ማንም ጊዜ አይሰጠውም።

ሰልጣኝ መምህር
ኢንኩቤተር አንጠይቅም መምህር፣ የአንድ ወንበር ቦታ ነው። የተቆጠሩ ዲሾችን ፎቶ ብቻ ብትሰጡን ራሱ ክፍል ውስጥ ስንት ሥራ ይሠራል።

ነጭ ጋውን
ፎቶ ከኔም ታገኛላችሁ። የተሳሳቱትንም ጭምር፣ የሰው ስም ሰርዤ።

ጡረተኛው መምህር
ሰልጣኙ ያለው ይደገፋል። አንድ ነገር ብቻ። ሪያል አናሊሲሱን እንዳትነኩት። ወሰን (ሊሚት) ምን እንደሆነ ያልገባው መምህር የእድገት ግራፉ ላይ አንድ ቦታ ደርሶ ለምን እንደሚተኛ ሲጠየቅ "ምግብ አለቀ" ብሎ ያልፋል። ምግብ ማለቁ እውነት ነው፣ ግን ኩርባው ወደ አንድ ቁጥር እየተጠጋ እንዴት እንደሚሄድ ማስረዳት የሂሳብ ሥራ ነው።

የአቶቴ ልጅ
እሺ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፣ ከምሬ ነው፣ ባለፈው ላብ ላይ ስለገጠመኝ። ሳላቀጥን 0.1 ሚሊ ሊትር ናሙና ዲሽ ላይ ዘረጋሁ፣ ምንም ኮሎኒ አልወጣም። ግራፉ ሎግ ላይ ነው። የዜሮ ሎግ ስንት ብዬ ልጻፍ? ጓደኛዬ ዜሮ ጻፊ አለችኝ።

የፒያሳው መምህር
ዜሮ እንዳትጽፊ። ሎጉ ዜሮ ነው ማለት ቁጥሩ 1 ነው ማለት ነው። የዜሮ ሎግ የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሎጉ ማቆሚያ በሌለው መንገድ ወደ ታች ይወርዳል።

ነጭ ጋውን
ላብ ላይ የምንጽፈው "በሚሊ ሊትር ከ10 በታች" ነው። በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ካላየሽ በሙሉ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ10 ያነሱ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ዘዴሽ ከዚያ በታች አያይም። የለም ማለትና አላየሁም ማለት ይለያያል። ግራፉ ላይ በሌላ ምልክት አስቀምጪውና ከሥሩ አብራሪ።

የአቶቴ ልጅ
አመሰግናለሁ፣ ነገ አስተካክለዋለሁ። አቋሜን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም። ፈንክሽኑ ይቆይ፣ ሎጂኩም ይቆይ፣ ሰልጣኙ ባለው መንገድ ከላባችን ምሳሌ ወስዶ ያስተምሩን። ኤሊፕስና ሃይፐርቦላው ወጥቶ በቦታው ስታቲስቲክስ ይግባ። ይሄን የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ይጻፍልኝ፣ እስካሁን አንድም ሰው አልጻፈም።