ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው «ይችላል» ወይስ «አይችልም»? ማን ይለካው? በምን?

የታናሹ እህት፦
ቤተሰባችን በአንድ ጥያቄ ለሁለት ተከፍሏል፣ እስቲ እናንተም ተከራከሩበት። ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፣ ስኪዞፍሬኒያ አለበት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ ከጀመረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ድምፅ መስማቱም፣ ሰው ይከታተለኛል ማለቱም ቀርቷል። አጎቴ «ልጁ ድኗል፣ ሱቄ ውስጥ ሒሳብ ይያዝልኝ» ይላል። እናቴ «አይችልም፣ ልጄን ተዉልኝ» ትላለች። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ባለፈው ዘይት፣ ሳሙናና ሽንኩርት ግዛ ብዬ ላክሁት። ሳሙና ብቻ ይዞ መጣ። ባለሱቁን ስጠይቀው «መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሲያስብ ነበር» አለኝ። ክትትል ስንሄድ የሚጠየቀው «ድምፅ ትሰማለህ? እንቅልፍስ?» ነው። አልሰማም ይላል፣ የሦስት ወር መድኃኒት ይጻፍለታል፣ እንወጣለን። ማስታወሱን፣ ትኩረቱን፣ ነገር ማገናዘቡን የለካ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እኔ የምለው፣ ይህ ምርመራ ለእያንዳንዱ ታካሚ ግዴታ ይሁን፤ ሥራ ይግባ አይግባ የሚለውም በውጤቱ ይወሰን።

ነርሱ፦
እህቴ፣ የመጀመሪያው ሐሳብሽ ልክ ነው። ሁለተኛው ግን ያስፈራኛል። በዚህ ሕመም ማስታወስና ማሰብ መድከሙ የሕመሙ አንዱ አካል ነው። ብዙ ጊዜ ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ይጀምራል፤ ልጁ በትምህርቱ ወደ ኋላ ሲቀር ሰነፈ ይባላል። መድኃኒቱም ድምፁን ያበርዳል እንጂ ማስታወስን እምብዛም አይመልስም። ስለዚህ መለካቱ ተገቢ ነው። ግን በምን? ውጭ አገር ስሙ የሚነሣው ማትሪክስ የሚባለው መለኪያ 10 ፈተና አለው፣ 7 ዓይነት ችሎታ ይለካል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፈተናዎቹ አንዱ ምልክትን ከቁጥር ጋር በፍጥነት እያዛመዱ መጻፍ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ እርሳስ ከያዘ 20 ዓመት ያለፈው ገበሬ እዚህ ላይ ቢወድቅ ሕመሙ ነው የጣለው ወይስ ትምህርት ማጣቱ? ለእኛ ሰው የሚስማማ ፈተና ያዘጋጁ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች አሉ። እኔ በምሠራበት ተመላላሽ ክፍል ግን እስካሁን አላየሁትም።

የሶዶው፦
ወረቀቱን ተዉት፣ ኑሮውን እዩ። እኛ አካባቢ በቡታጅራና በሶዶ ለዓመታት ጥናት ተሠርቷል። የገጠሩን ሰው ሥራና ማኅበራዊ ኑሮ መሠረት አድርጎ የተዘጋጀ የቡታጅራ መለኪያም አለ። በፈረንጆቹ 2022 የታተመው የሶዶው ጥናት 166 ታማሚዎች ነበሩበት፤ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ የደገፏቸው፣ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸው ተሻሽሏል። ይህ የታወቀው የዕለት ኑሮን በሚለኩ የዓለም ጤና ድርጅት 36 ጥያቄዎች ነው፣ መልሱን የሰጡትም ቤተሰቦች ናቸው። የአክስቴን ልጅ ልንገራችሁ። አምና ቡና ስታፈላ ጀበናውን እሳት ላይ ጥዳ ትነሣና ትረሳው ነበር፣ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው ነው የምንደርሰው። ዘንድሮ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ከአቦል እስከ በረካ ታደርሳለች፣ መሀል ላይ ስኳር ማለቁን አይታ ልጅ ትልካለች። ለእኔ ፈተና ማለት ይህ ነው። ቤተሰብ ይመስክር።

ስድስት ዓመት፦
የምታወሩት ስለ እኔ ዓይነት ሰው ነውና እኔም ልናገር። ቤተሰብ ይመስክር ሲባል የራሴን ቤት አሰብኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ 50 ብር እጄ ላይ አልተቀመጠም። ልብሴን የሚያጥብልኝ ሌላ፣ ምግቤን የሚያቀርብልኝ ሌላ። ጠያቂ ሲመጣ «ምንም አይሠራም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልሠራም ነበር፣ ሥራ ብሎኝ የሚያውቅ ስለሌለ! ኋላ እህቴ ወልዳ እናቴ ልታርሳት ሁለት ወር ስትሄድ ቤቱ እኔ ላይ ወደቀ። የመጀመሪያውን ሽሮ አሳረርኩት። በሁለተኛው ሳምንት መብራት በቀኑ ከፈልኩ፣ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ተነሥቼ ጄሪካን ሞላሁ። እናቴ ተመልሳ መጥታ አለቀሰች። ስለዚህ «አይሠራም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ዕድሉ ተሰጥቶት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ አርቴን የሚባለው መድኃኒት ነው። ዋናው መድኃኒት ለሚያመጣው መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ይሰጣል። እኔን ግን አፌን ያደርቀኝ ነበር፣ የሰማሁትንም ያስረሳኝ ነበር። ሐኪሜ ቀስ በቀስ ሲቀንስልኝ ልዩነቱ ታወቀኝ። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ፣ አደራ!

ነርሱ፦
ወንድሜ ስለ አርቴን ያልከው ልክ ነው፣ ማስታወስን ይጫናል። እኛም አንዴ ከጻፍነው በኋላ አሁንም ያስፈልገው ይሆን ብለን መጠየቅ እንረሳለን። ይህን ሳያዩ ፈተና መስጠት መድኃኒቱን ለክቶ ሰውየውን መውቀስ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ትወና የሚመስል ፈተና አለ፣ ሳንዲያጎ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው። ስልክ ደውል፣ ሒሳብ ክፈል፣ በአውቶቡስ ሂድ እያሉ ሰውየው ሲያደርገው ያያሉ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን አጎቴን ሲፈትኑት የአውቶቡሱ ካርታ ላይ ወደቀ። ጎንደር ሲያድግ ካርታ አይቶ አያውቅም፣ መንገድ የሚያገኘው ሰው ጠይቆ ነው። ይህንን ለፈታኟ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። አስረጂ የሌለውስ?

የታናሹ እህት፦
ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ የስድስት ዓመቱን ሁለቴ። «በውጤቱ ይወሰን» ያልኩትን ትቼዋለሁ። ምርመራው ይኑር ያልኩትን ግን አልተውም። ወንድሜ ምን እንደሚከብደው ካላወቅን በምን እንደምናግዘው አናውቅም፣ እንዲሁ ስንጨቃጨቅ ዓመት ያልፋል። ዛሬ ጠዋት ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ላክሁት። ሦስቱንም ይዞ መጣ፣ መልሱም አልጎደለም። አጎቴን ለሁለት ሳምንት ዕቃ ይደርድርልህ፣ ሒሳቡ ይቆይ ብዬዋለሁ። እናቴ ገና አልተስማማችም። ነርሱ፣ ቀጠሯችን ሐሙስ ነው፣ አርቴን እሱም ይወስዳል። ምን ጽፌ ልያዝ?

ነርሱ፦
በቀን ስንት ፍሬ እንደሚወስድ፣ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ አሁን መንቀጥቀጥ አለው ወይ። ያችን የሱቅ ወረቀትም ያዢ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ግን እሱ ራሱ ይመልስ፣ አንቺ የረሳውን ብቻ ጨምሪለት።