የፒተር አይርዴል መርከብ ፎቶግራፌ ሲታተም ጠቆረ፤ ሰማዩም ባለ መስመር ሆነ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ባሕር ዳርቻ የሚገኘውን የፒተር አይርዴል መርከብ ስብርባሪ ያነሳሁበት ፎቶግራፍ ዓርብ ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ታትሞ ዛሬ ደረሰኝ። በኮምፒውተሬ ላይ የብረቱ ዝገት ቀልቶ ይታያል፤ በወረቀቱ ላይ ግን የመርከቧ አጽም ከጥላው ጋር ተደባልቆ ጠቁሯል፤ ጉም የለበሰው ሰማይም በመስመር በመስመር ተከፋፍሏል። መርከቧ ብዙ ሰው ያለቀባት ስለሆነች ሐዘኑ እንዲሰማ ሰማዩን ሆን ብዬ አጨልሜዋለሁ፤ ይህን ያህል ግን አልፈለግሁም። ፋይሉን ነገ ጠዋት መላክ አለብኝና እባካችሁ፣ ምን ላስተካክል?

የብርሃን ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ አስቀድመህ የስክሪንህን ብርሃን ቀንስ። ስክሪን የራሱ ብርሃን አለው፤ ወረቀት ግን ክፍሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን ብቻ ስለሚመልስ፣ በደማቅ ስክሪን ላይ ያማረ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ ጠቁሮ ይታተማል። ለኅትመት የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) ያደርጉታል። መለኪያ ከሌለህ ነጭ ወረቀት ከጎኑ አቁምና የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ዝቅ አድርገው።

የባሕር ታሪክ ተከታታይ፦
ከቴክኒኩ በፊት የተነሣህበት ሐሳብ መታረም አለበት፤ በዚህች መርከብ አደጋ አንድም ሰው አልሞተም። ፒተር አይርዴል እ.ኤ.አ. በ1890 በእንግሊዝ አገር ሜሪፖርት ላይ የተሠራች አካሏ ብረት የሆነ ባለ አራት ምሰሶ የሸራ መርከብ ናት። ከሜክሲኮዋ ሳሊና ክሩዝ ተነሥታ ያለ ንግድ ጭነት ወደ ፖርትላንድ ስትጓዝ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1906 የኮሎምቢያ ወንዝ መግቢያ አጠገብ ነፋስ ገፍቶ ከክላትሶፕ አሸዋ ላይ አወጣት። በአቅራቢያው ካለችው ከሃሞንድ የተላከ የነፍስ አድን ጀልባ ደርሶ ባሕረተኞቹ ሁሉ ተርፈዋል። ዛሬ በፎርት ስቲቨንስ ፓርክ ዳርቻ የምናየው ከመቶ ዓመት በላይ ጨውና ማዕበል የበላው ብረት ነው፤ የፎቶግራፍህ ነፍስ ዝገቱ ነው፣ እሱን ደግሞ ጨለማው ወስዶታል።

ጥቁርና ነጭ፦
በዚህ አልስማማም። የጥበብ ፎቶግራፍ የዜና ምስል አይደለም፤ አንሺው ፍርስራሽ አይቶ ሐዘን ከተሰማው ሰማዩን ማጨለም መብቱ ነው።

የባሕር ታሪክ ተከታታይ፦
ማጨለሙን አልከለከልሁም። ከሥሩ በሚለጠፈው መግለጫ ላይ «ብዙ ሰው ያለቀባት» ተብሎ ከተጻፈ ግን ተመልካቹ እውነት ብሎ ይዞት ይሄዳል፤ ያ ደግሞ እነዚያን ሰዎች ለማዳን በጀልባ የወጡትን ሰዎች ድካም መካድ ነው።

ሰላማዊት፦
የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። እኔም የገጠመኝ ይኸው ነበር፣ በዚያው ተስተካከለ።

ማተሚያ ቤት የምሠራ፦
ስክሪኑን መቀነስ የጠቆረውን ያስተካክላል እንጂ የሰማዩን መስመር አያጠፋም፤ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የላክኸው ፋይል ጄፔግ (ተጨምቆ የሚቀመጥ የምስል ፋይል) ከሆነ እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ጉም ደግሞ ከብርሃን ወደ ጥላ በጣም በዝግታ ስለሚያልፍ፣ በኃይል ሲያጨልሙት እነዚያ ጥቂት ደረጃዎች ተራርቀው በዓይን ይታያሉ። ያንኑ ጄፔግ እጅግ ብዙ ደረጃ ወደሚይዘው ወደ 16 ቢት መቀየር የጠፋውን አይመልስም፤ ካሜራው ሳያቀነባብር ካስቀመጠው ጥሬ ፋይል ተነሥተህ ገና ከመጀመሪያው በ16 ቢት መሥራት አለብህ። መጨረሻ ላይ በሰማዩ ላይ ብቻ ቀጭን ግሬን (እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ነጠብጣብ) ጨምርበት፣ የቀረውን መስመር ይሰብረዋል። በተጨማሪ ማተሚያ ቤቱን የወረቀቱን የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሞቹ በወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚወጡ የሚገልጽ ፋይል) ጠይቀህ በፎቶሾፕ አስቀድመህ ተመልከተው፤ ወረቀቱ ማት (የማያንጸባርቅ) ከሆነ ጥቁሩ እንደ አንጸባራቂው ወረቀት ጥልቅ ስለማይሆን፣ የአጽሙን ጥላዎች ከለመድኸው በላይ ማፍካት ይኖርብሃል።

ጠያቂ፦
አዎ፣ ጄፔግ ነበር፤ ጥሬው ፋይልም አለኝ። ወረቀቱ ማት ነው። ስለ ባሕረተኞቹ መትረፍ ስለነገራችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ መግለጫውን እንደገና እጽፈዋለሁ፣ ሰማዩንም ጉም ብቻ አድርጌ እተወዋለሁ። ግን ሁለተኛውም ኅትመት ቢበላሽ ለዓርብ አይደርስም።

ማተሚያ ቤት የምሠራ፦
እንግዲያው ነገ ሙሉውን አታሳትም። ከመርከቧ ፊት የዛገውን ክፍል ከላዩ ካለው ሰማይ ጋር በቀጭኑ ቆርጠህ፣ በዚያው ወረቀት ላይ በሙሉ መጠኑ ልክ አስወጣና እዚያው ቆመህ ጠብቅ። ናሙናውን ከተቻለ ሥዕሉ በሚሰቀልበት ግድግዳ መብራት ሥር ተመልከተው፤ የብረቱ መጋጠሚያዎች ከጥላው ተለይተው ከታዩህ ትልቁን ወዲያው እዘዝ።