የ18 ሰዓት ትምህርት ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ሊወስድ ቻለ?

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ሐዋሳ ከመጣሁ ገና ሁለት ወር ያልሞላኝ የመጀመሪያ ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር የምወስዳቸው ኮርሶች ስድስት ሲሆኑ እነሱም ሒሳብ፣ ጠቅላላ ፊዚክስ፣ ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ፣ ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ እንዲሁም የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት ናቸው፤ ውጤቱ በፓስና በፌል ብቻ የሚያዝ የስፖርት ኮርስም አለ። ስድስቱ ኮርሶች እያንዳንዳቸው በሳምንት 3 ሰዓት ስለሚሰጡ፣ ከስፖርቱ በቀር ክፍል ውስጥ የምቀመጠው በሳምንት 18 ሰዓት ብቻ ነው።

ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ውዬ፣ ከዚያም እናቴን ሱቅ ውስጥ አግዤ፣ ማታ የቤት ሥራዬን ለመጨረስ ጊዜ አላጣም ነበር። አሁን የክፍሉ ሰዓት ያን ያህል ቀንሶ ሳለ፣ ዓርብ ማታ ሞጁሎቼን ስዘረጋ በሳምንቱ ውስጥ ከተማርነው ግማሹን እንኳ እንዳላነበብኩ አያለሁ። ተኝቼ አላረፍድም፤ ከግቢ የወጣሁትም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም በመጀመሪያው የፊዚክስ አጭር ፈተና ከ10 ያገኘሁት 3 ነው። እናቴ በስልክ ስትጠይቀኝ እውነቱን ለመናገር አፌ እምቢ ብሎኝ «ገና አልተፈተንንም» አልኳት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

«በርታ» እና «ጊዜህን ተጠቀም» የሚለውን ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። የምለምናችሁ ግን፣ እዚህ የተማራችሁ ወይም በመማር ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ፈተናም በዓልም የሌለበት አንድ ተራ ሳምንታችሁ ከሰኞ እስከ እሑድ በእርግጥ እንዴት እንደሚያልፍ እንድትነግሩኝ ነው።

ኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ዓመቴ እኔም እንዳንተ ግራ ገብቶኝ ስለነበር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ያደረግሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ በደብተር ጻፍኩ። ለካፌ ሰልፍ፣ ከዶርም ወደ ክፍል ለመመላለስ፣ ላይብረሪ ውስጥ ወንበር ለመፈለግና የተለወጠ ክፍል ለማፈላለግ ብቻ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እንደሚሄድብኝ ሳይ ደነገጥኩ። ከዚህ የባሰው ግን በሁለት ክፍሎች መካከል የሚተርፈው አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ዶርም ገብቼ አልጋ ላይ ጋደም ካልኩ ያ ጊዜ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የአሁኑ ሳምንቴ የተሠራው እነዚያን ቀዳዳዎች ለመድፈን ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡00 ሰዓት ተከታታይ ክፍል አለኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ተማሪው ሁሉ ወደ ካፌ ስለሚጎርፍ፣ እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ቀርቼ የጠዋቱን ማስታወሻ አስተካክላለሁ፤ ሰልፉ ሲቀል፣ ሩብ ጉዳይ ለሰባት ላይ፣ ምሳዬን እበላለሁ። መምህሩ የተናገረው ገና ጆሮዬ ላይ ስላለ ይህች አርባ አምስት ደቂቃ ለእኔ ከማታው ሁለት ሰዓት ትበልጣለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከ8፡00 እስከ 11፡00 ላብራቶሪ ነው። በፕሮግራሙ ላይ ሦስት ሰዓት ተብሎ የተጻፈው ላብ በእውነቱ ስድስት ሰዓት እንደሚወስድ ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ከመግባትህ በፊት አሠራሩን ማንበብ አለብህ፣ ከወጣህ በኋላም ሪፖርት አለ። ሪፖርቱን የምናስረክበው በሳምንቱ ስለሆነ በፊት በፊት እስከ ሰኞ ማታ አቆየው ነበር። አንድ ጊዜ የአሲድና የቤዝ ታይትሬሽን (አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ ቀለሙ እስኪለወጥ እያንጠባጠቡ መጠኑን መለካት) ሠርተን «ቀለሙ ቀድሞ መጣ፣ ሁለተኛው ይሻላል» ብዬ በደብተሬ የጻፍኩትን ከአምስት ቀን በኋላ ሳነበው፣ የትኛው «ሁለተኛ» እንደሆነ ጨርሶ ጠፋኝ፤ ሙሉ ሙከራው በዚያች አንዲት መስመር ምክንያት ከንቱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ እራት እንደበላን ከላብ ጓደኛዬ ጋር የቡሬቱን፣ ማለትም ፈሳሹ የሚንጠባጠብበትን መለኪያ ቱቦ፣ ንባብ በሠንጠረዥ አስፍረን ስሌቱን በዚያው ማታ እንጨርሳለን።

ረቡዕ አንድ ክፍል ብቻ ስላለኝ ላይብረሪ እውላለሁ። ሐሙስ የቡድን ሥራ የምንገናኝበት ቀን ነው። ዓርብ ለጁምዓ ጸሎት ሲባል ከ5፡30 እስከ 7፡30 ክፍል ስለማይኖር፣ የዶርም ጓደኛዬ ወደ መስጊድ ስትሄድ እኔ ያልገባኝን ጥያቄ ይዤ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥባለሁ፤ ረፋድ ላይ የተሰጣውን የሐዋሳ ፀሐይ እስከ ምሳ ታደርቀዋለች። ከሰዓት በኋላ ግን መጽሐፍ አልነካም። ከጓደኞቼ ጋር በባጃጅ እስከ ፍቅር ሐይቅ ሄደን በውሃው ዳር በእግራችን እንጓዛለን፤ ገንዘብ ካለን አሞራ ገደል ጎራ ብለን ዓሣ እንበላለን፣ ከሌለን ደግሞ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአጥማጆቹ ትራፊ ሲሻሙ እያየን እንመለሳለን። በሁለት ወር ሁለት ጊዜ ብቻ ከግቢ መውጣትህን እንደ ትጋት ጽፈኸዋል፤ እኔ ግን አሳሰበኝ። በዚያ ከሰዓት ያላረፈ ጭንቅላት እሑድ ሲቀመጥ ገጽ ይገልጣል እንጂ አያነብም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከ8፡00 ሰዓት በኋላ እስከ እራት ጥናት ነው።

መምህር (አዳማ)

የማስተምረው አዳማ ቢሆንም የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶቹ በየዩኒቨርሲቲው ተመሳሳይ ስለሆኑ ልመልስልህ እችላለሁ። የጻፍከው ነገር የስንፍና ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

የማንኛውንም ኮርስ መግለጫ የመጀመሪያ ገጽ ብትመለከት ሁለት ቁጥሮች ታገኛለህ፤ ክሬዲት ሰዓት 3 እና ኢሲቲኤስ 5። ተማሪው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱም ክፍል ውስጥ የምትቀመጥበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው የሚለካው ግን ክፍሉን፣ ንባቡን፣ አሳይመንቱንና የፈተና ዝግጅቱን ጨምሮ ኮርሱ ከአንተ የሚጠይቀውን ጠቅላላ ሥራ ነው። አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። 27 ሰዓት ብለን ብንይዝ አንዱ ኮርስ 135 ሰዓት፣ ስድስቱ 810 ሰዓት ይሆናሉ፤ ይህም ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ50 ሰዓት ጥቂት ያልፋል። እንግዲህ 18ቱ ሰዓት ከሥራህ ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው፤ የቀረው 32 ሰዓት በየትኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈም። ለእያንዳንዱ ኮርስ ሲደርስ በሳምንት አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለህ ጊዜ የተረፈህ መምህሩ መጽሐፉን ክፍል ውስጥ አብሮህ ስለሚያነብ፣ ምሳሌውንም አብሮህ ስለሚሠራ ነበር። እዚህ መምህሩ በአንድ ሰዓት አንድ ምዕራፍ ያህል አሳይቶህ ይወጣል፤ ምሳሌዎቹን የምትሠራው አንተ ነህ። ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ሳምንት ቁጭ ብለን ልናስረዳችሁ ሲገባን ብዙዎቻችን ሳንናገር እናልፈዋለን፤ በዚህ ረገድ ጥፋቱ የእኛም እንደሆነ አምናለሁ።

አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ከ10 ሦስት ያገኘህበትን ወረቀት ይዘህ መምህርህ ለተማሪ በመደበው የቢሮ ሰዓት ሂድ። «አልገባኝም» ብለህ አትጀምር፤ የሠራኸውን አሳይተህ ከየትኛው መስመር በኋላ እንደጠፋህ ንገረው። በእኔ ልምድ ቢሮ የሚመጡት በአብዛኛው ስምንትና ዘጠኝ ያገኙት ናቸው፤ ሦስት ያገኙት አፍረው እስከ ፋይናል ይቆያሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣትን የሚጠይቅ የመውጫ ፈተና ስላለም፣ ገና ከአሁኑ መጠየቅን ብትለምድ ይጠቅምሃል።

የታቦር ልጅ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሐዋሳ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ስሆን ከቤት እየተመላለስኩ እማራለሁ። መምህሩ ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ ነግረውሃል፤ እኔ ደግሞ ሰዓቱ በምን ቀን ቢውል እንደሚሻል ልጨምርልህ።

አያቴ ሳምንት ስትቆጥር አራት ቀን ነው የምታውቀው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። የሲዳማ የቀን አቆጣጠር እንዲህ ነው፤ ገበያውም በእነዚሁ ቀናት ይዞራል። ሰኞ ዲኮ ቢሆን ዓርብ ተመልሶ ዲኮ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ይህ ከትምህርት ቤቱ ሳምንት ጋር እየተምታታብኝ አስቸግሮኝ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ጠቀመኝ። ሰኞ የተማርኩትን ሒሳብ የምመለስበት በሚቀጥለው ሰኞ ክፍል ልገባ ስል ነበርና ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሆንብኝ ነበር። አሁን እያንዳንዱን ትምህርት በአራተኛው ቀን፣ በአያቴ አቆጣጠር ያው ቀን ተመልሶ ሲመጣ፣ ሞጁሉን ዘግቼ የማስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ያልመጣልኝን ብቻ ገልጬ አነባለሁ። ለአንድ ኮርስ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

በምትወስደው የሳይኮሎጂ ኮርስ ስለ ትውስታ ስትማሩ ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ስም ያጋጥምህ ይሆናል። በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ፣ የሰው ልጅ አዲስ ያጠናውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳየ፤ በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከተሸመደደው በተሻለ እንደሚያዝም ተመለከተ። ስለዚህ ዓርብ ማታ ሞጁሎቹን ሁሉ በአንድ ላይ መዘርጋትህን ብትተው እመርጣለሁ። ሰባት ቀን ለክፍል ፕሮግራም ይመቻል፤ ለትውስታ ግን ይረዝማል።

ለእናትህም ንገራት።

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ እንዳለችው ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ሰዓቴን በደብተር ጻፍኩ። ከክፍል ውጭ በእርግጥ ያጠናሁት በሳምንቱ 14 ሰዓት ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ መምህር ካሰሉት ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የማጠና ይመስለኝ ነበር። ብዙው የጠፋው ላይብረሪ ውስጥ ሞጁል ከፍቼ፣ ስልኬን ከጎኔ አስቀምጬ በተቀመጥኩበት ሰዓት ነው። ምሳዬን ከሩብ ጉዳይ ለሰባት በኋላ መብላት ጀምሬአለሁ። መምህር ባሉኝ መሠረት ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ፤ የፊዚክስ መምህራችን ሲያዩት ቬክተሮቹን ወደ አግድምና ወደ ቋሚ ክፍሎቻቸው ሳልለያይ በቀጥታ እንደደመርኳቸው አሳዩኝ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች የተበላሹት በዚያ አንድ ስሕተት ነው። ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ምግቡስ ተስማማህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በሎጂክ ኮርስ የቡድን አሳይመንት ተሰጥቶን ከስድስታችን የምንሠራው ሁለት ብቻ ነን፤ ይህ ብቻውን ባለፈው ሳምንት አምስት ሰዓት ወሰደብኝ። እህቴ፣ ሐሙስ እንደምትገናኙ ጽፈሽ ነበርና እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት

እኛ ሐሙስ የምንገናኘው ለመሥራት ሳይሆን የተሠራውን ለማጋጠም ነው። አሳይመንቱ በተሰጠ ዕለት፣ ከክፍል ሳንወጣ፣ ጥያቄዎቹን በስም እንከፋፈልና ክፍፍሉን በቴሌግራም ቡድናችን ላይ እንለጥፋለን፤ እያንዳንዱም ክፍል በሠራው ሰው ስም ሥር ይጻፋል። አብዛኛው ሰው የማይሠራው ሰንፎ ሳይሆን የትኛው የእሱ ድርሻ እንደሆነ ስለማያውቅ እንደሆነ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከአራቱ ጓደኞችህ አንዱ ድርሻውን ተቀብሎ እስከ ረቡዕ ዝም ካለ፣ ለመምህሩ ከመንገርህ በፊት ዶርሙ ድረስ ሂድና አነጋግረው፤ እኛ ዘንድ እንዲህ የጠፋች አንዲት ልጅ ታማ ተኝታ አግኝተናታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ወደ ሐይቁ ውረድ።