በገደብ (እስራቱ ታግዶለት) የወጣን ሰው ማን ነው የሚከታተለው?

የዛሬ መነሻ፦ ተከሳሽ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቅጣቱ ሳይወሰን፣ ኑሮውን ያጠና ባለሙያ ለፍርድ ቤቱ ሪፖርት ያቅርብ? ወይስ ያለው አሠራር ይበቃል?

ተከላካይ ጠበቃ፦ ያቅርብ እንጂ! ያለውን አሠራር ልንገራችሁ። የጥፋተኝነት ፍርዱ ይነበባል። ዐቃቤ ሕግ ቅጣት ማክበጃ ምክንያት ካለው ይናገራል፣ እኛ ማቅለያ እናቀርባለን። ማቅለያዬ ምንድን ነው? የእድር ደብዳቤና የልጆች የልደት ካርድ ኮፒ። አንድ ጊዜ በስርቆት ጥፋተኛ የተባለ ልጅ ይዤ ቆሜያለሁ። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው «በገደብ ብንለቀው የት ነው የሚያድረው?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም። እኔም አላውቅም ነበር። ልጁ ታሰረ። ያቺ ጥያቄ እስካሁን ታቃጥለኛለች።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦ እኔ እፈራለሁ። የ2002ቱም የ2006ቱም የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የወጣው ተመሳሳይ ወንጀል ላይ የተራራቀ ቅጣት እንዳይወሰን ነው። ቅጣቱ የሚሰላበት የደረጃ ሠንጠረዥ፣ እርከኑ፣ ለሁሉም አንድ ነው። የኑሮ ሪፖርት ሲመጣ «ቤት የለውም፣ ሥራ የለውም» የሚባለው የደሃው ልጅ ነው። የሀብታሙ ልጅ ደግሞ ያማረ ሪፖርት ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ተከላካይ ጠበቃ፦ ስጋትህ እውነት ነው ወንድሜ። ግን ዛሬስ ጥሩ ደብዳቤ የሚያሰባስበው ጠበቃ የመቅጠር አቅም ያለው አይደል? አጥኚው የፍርድ ቤቱ ሰው ከሆነ ለደሃውም ይደርሳል።

ባለሱቅ፦ እኔ ሕግ አልተማርኩም። ሱቄ ተሰብሮ ተዘርፌያለሁ። ሰውየው በገደብ መውጣቱን ያወቅኩት በሱቄ በር ሲያልፍ አይቼው ነው። እቃ እየደረደርኩ ነበር፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ይታሰር አላልኩም። ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

ማኅበራዊ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ዋናውን ነገር ተናገርሽው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በገደብ የወጣ ሰው ጠባዩ የሚታይበትን የፈተና ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ያደርገዋል። ፍርድ ቤቱ ግዴታ ሊያስገባው፣ ጠባቂም ሊመድብለት ይችላል። ችግሩ ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ መሥሪያ ቤት አለመኖሩ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ የፕሮቤሽን መኮንኖች አሏት። ሰፈር ድረስ ወርደው ቤተሰቡንም ተጎጂውንም ያነጋግራሉ፣ ለፍርድ ቤት ሪፖርት ያቀርባሉ። ሰውየው በፕሮቤሽን ከተለቀቀም የሚከታተሉት እነሱው ናቸው። እኛም ጋ የሕፃናት ጉዳይ ሲሆን ማኅበራዊ ሠራተኞች ፍርድ ቤት ይሠራሉ። ለአዋቂው ሲሆን ለምን ይቀራል?

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦ ተጎጂዋም የምትጠየቅ ከሆነ ሐሳቤን አለዝባለሁ። ግን ሪፖርቱ ለዐቃቤ ሕግም ለተከሳሽም ቀድሞ ይድረስ፣ አጥኚውም ችሎት ቀርቦ ይጠየቅበት። በሌለሁበት የተጻፈ ወረቀት ቅጣት ሲወስን ዝም ብዬ አላይም።

ተከላካይ ጠበቃ፦ በዚህ እንስማማለን። ቀጠሮ እንዳይጓተት ግን ቁርጥ ያለ ቀን ይሰጠው፤ ደንበኛዬ ሪፖርት ሲጠብቅ ማረፊያ ቤት ሊከርም አይገባም።

ባለሱቅ፦ ሰውየው ሲወጣ ለእኔም ይደወልልኝ። ስልኬ መዝገቡ ላይ አለ።